የሐይቅ ዳር ጠጠሮች



የካቲት 2015 ዓ.ም. ሊገባደድ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ በሻዕባን 1444 ዓ.ሂ. መሆኑ ነው፣ ለአንድ ዘመዳችን ኒካሕ ወደ ወሎ ተጉዘን ነበር። ከአዲስ አበባ ንጋት ላይ ተነሥቶ ደብረ ብርሃንን፣ የጣርማ በርን ዋሻ፣ ሸዋ ሮቢትን፣ አጣዬንና ከሚሴን አልፎ ኮምቦልቻ የሚያደርሰውን መንገድ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ብርዱን ጣርማ በር ላይ ትቶ ሙቀቱን ሸዋ ሮቢት የሚቀበል ተጓዥ በአንድ ቀን ሁለት አገር ያየ ይመስለዋል። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ያለውን ጠመዝማዛ ዳገት ስንወጣ ግን የመኪናው ወሬ ስለ አየሩ መሆኑ ቀረና በመንገዱ ግራና ቀኝ ስለሚታዩት የተጎዱ ቤቶች ሆነ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ጦርነቱ ይህን አካባቢ አዳርሶት ነበርና።

የሐይቅ ከተማ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። ስሟን ያገኘችው ከአጠገቧ ከተኛው ውኃ ነው። የውኃው ስፋት 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ጥልቀቱ በአንዳንድ ስፍራ ከ80 ሜትር ይበልጣል። በአንድ ወገን ጥንታዊው የእስጢፋኖስ ገዳም፣ በሌላው ወገን የሙስሊም መንደሮችና መስጂዶቻቸው በዚሁ ውኃ ዙሪያ ኖረዋል። ለዛሬው ጽሑፋችን የሚጠቅመን ግን አንድ ጠባዩ ነው፤ አንከርካ የተባለው ወንዝ ይገባበታል፤ ከእርሱ የሚወጣ ወንዝ ግን አይታይም። ወደዚህ ነገር በኋላ እንመለስበታለን፤ ነገሩን ያነሡት ልጆች ናቸውና።

ኒካሑ ዓርብ ዕለት ተፈጸመ፤ አልሐምዱ ሊላህ። በማግሥቱ ጧት የሙሽራው ጎረቤት የሆነ አንድ ወጣት ኡስታዝ፣ እኛም በማስተማር ሥራ ላይ መሆናችንን ሰምቶ፣ «የቅዳሜ ትምህርት ቤታችንን ላሳያችሁ» ብሎ ይዞን ወጣ። ይህ ወንድማችን በመንግሥት ትምህርት ቤት የሦስተኛና የአራተኛ ክፍል መምህር ነው። ከዐስር ሶላት በኋላ ደግሞ በመስጂዱ ግቢ ልጆችን ያቀራል። እኛም በልጅነታችን ጧት ሉሕ፣ ከሰዓት በኋላ ደብተር ይዘን የተመላለስን ስለሆንን ልባችን ወዲያው ወደደው።

ክፍልና ሰሌዳ እናያለን ብለን ስንጠብቅ ከመንደሩ በታች ካለ አንድ ትልቅ ዋርካ ሥር አደረሰን። ከዛፉ ሥር ወደ ሰላሳ የሚሆኑ ልጆች በየቡድኑ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። በፊታቸው ያለው ጠጠር፣ የበቆሎ ፍሬ፣ ቅጠል፣ ገለባና ጭቃ ነው። «ይህ ድህነት ያስጀመረን ነገር ነው» አለን ኡስታዙ። በ2014 ዓ.ም. ትምህርት ቤቱ ዳግም ሲከፈት የጠበቃቸው ባዶ ክፍል ነበር። ወንበሩ ለማገዶ ውሏል፤ መጻሕፍቱ ተቀዳደዋል፤ ለሳይንስ ማስተማሪያ የሚባሉት ጥቂት ዕቃዎች አልነበሩም። «ጠመኔ እንኳ አልነበረንም፤ ልጆቹ ግን መጡ። ምን ልስጣቸው? በእጄ ያለው ድንጋይ ብቻ ነው።»

ይህን ሲነግረን አንድ የቆየ ጥፋታችን ትዝ አለን። ማስተማር በጀመርንበት ዓመት፣ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት፣ በምናስተምረው ሁለተኛ ክፍል ኪሱ ሁልጊዜ ያበጠ አንድ ልጅ ነበር። በሒሳብ ክፍለ ጊዜ እጁን ከኪሱ አያወጣም። አንድ ቀን ተቆጥተን ኪሱን አራገፍነው፤ ጠጠር ነው። ጠጠሩን በመስኮት ወረወርነው፤ ልጁንም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረን አቆምነው። አላለቀሰም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን የሒሳብ ጥያቄ ስንጠይቀው ዝም ይል ጀመር። ነገሩ የገባን እናቱ መጥታ ስትነግረን ነው፤ ልጁ የሚደምረውና የሚቀንሰው ኪሱ ውስጥ ጠጠሮቹን በጣቱ እየለየ ነበር። ዓመቱ ሳያልቅ ቤተሰቡ ሠፈር ለቀው ሄዱና ይቅርታ ልንጠይቀው እንኳ አልቻልንም።

ይበልጥ የሚያሳፍረን ዐረብኛ የቀራን መሆናችን ነው። በዐረብኛ ቆጠራ «ኢሕሷእ» ይባላል፤ ጠጠር ደግሞ «ሐሷ» ነው። አር-ራጊብ አል-አስፈሃኒ የቁርኣንን ቃላት በፈቱበት ኪታባቸው የመጀመሪያው ቃል ከሁለተኛው እንደ ወጣ፣ ዐረቦች ጥንት በጠጠር ይቆጥሩ እንደነበር ያስረዳሉ። ፈረንጆቹም «ካልኩለስ» የሚሉት የሒሳብ ዘርፍ ስሙ በላቲን ትንሽ ጠጠር ማለት ነው። እኛ እንግዲህ ይህን ሁሉ ቀርተን የልጁን ቆጠራ በመስኮት ጣልነው።

ወደ ዋርካው እንመለስ። ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ኡስታዙ እጁን አጨበጨበና ጮክ ብሎ ጠየቀ።

«ብረት?»

«አንነካም!» አሉ ልጆቹ ባንድ ድምፅ።

«ካየነውስ?»

«ርቀን ቆመን ለትልቅ ሰው እንነግራለን!»

ይህ እንደ ቢስሚላህ በየዕለቱ የሚባል ነው። ጦርነት ባለፈበት ሜዳ ሁሉ ያልፈነዳ ነገር ይቀራል፤ የሚያገኘው ደግሞ ብዙ ጊዜ እረኛ ልጅ ነው። ከዋርካው ራቅ ብላ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ የቆመች አንዲት እናት አየን። ልጇ አጠገቧ ቆሟል፤ ወደ ጓደኞቹ ያያል፤ አይሄድም። ኡስታዙ እንደ ነገረን፣ በአጎራባች መንደር አንድ ልጅ ያነሣው ነገር እጁን ካሳጣው ወዲህ እርሷ ልጇን ከመሬት ምንም እንዳያነሣ ከልክላዋለች። ቀርበን ሰላም አልናት። «ኡስታዙ ደግ ሰው ነው፤ አላህ ይጠብቅልን» አለች፤ «ግን እኔ ከመሬት አታንሣ እያልኩ ሳሳድገው፣ እርሱ አንሣና ቁጠር ይለዋል። ልጁ የማንን ይስማ?» መልስ አልነበረንም። ዝም ብለን አጠገቧ ቆምን።

ከልጆቹ ጨዋታ ዓይናችንን ቀድሞ የሳበው ገበጣው ነው። መሬት ላይ ሁለት ረድፍ ተቆፍሯል፤ በየረድፉ ስድስት ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ አራት አራት ጠጠር። ገበጣ ባገራችን በብዙ ዓይነት ይጫወቱታል፤ ባለ ሦስት ረድፉም አለ። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. ስለ ኢትዮጵያና ስለ አፍሪካ ቀንድ ገበጣዎች ጥናት አሳትመዋል። ኡስታዙ ጨዋታውን አላቋረጠም፤ አጠገባቸው ቁጢጥ ብሎ ጠየቀ እንጂ። «ጠጠሩ በሙሉ ስንት ነው?» አንዲት ልጅ ሳትቆጥር «48» አለች። አራት ጠጠር አሥራ ሁለት ጊዜ መሆኑ ነው። «አንዱ ጉድጓድ ውስጥ 12 ቢጠራቀምና አንድ አንድ እያልሽ ብታድዪው የመጨረሻዋ ጠጠር የት ትወድቃለች?» እዚህ ላይ ክርክር ተነሣ። ግማሾቹ ተቃራኒው ጥግ ነው አሉ። ሞከሩት። የመጨረሻዋ ጠጠር ከተነሣችበት ጉድጓድ ገባች። «13 ቢሆንስ?» «አንድ ታልፋለች!» «25 ቢሆንስ?» ዘጠኝ ዓመት የማይሞላው አንድ ልጅ ዓይኑን ጨፍኖ አሰበና «ኡስታዝ፣ ሁለት ጊዜ ዞራ አንድ ታልፋለች» አለ። ውድ አንባቢያን፣ ይህ እኛ ሰሌዳ ላይ «ቀሪ ያለው ማካፈል» ብለን ሁለት ሳምንት የምንደክምበት ትምህርት ነው።

ከጎናቸው ትናንሾቹ ዕቃ ዕቃ ይጫወታሉ። ጠጠሩ በግ ነው። አንዱ «39 በግ አለኝ፤ ዘካ የለብኝም» ይላል። ሌላው ሳቅ ብሎ አንድ ጠጠር ይጨምርለትና «አሁን 40 ሞላ፤ አንዷን አምጣ!» ይለዋል። ትልልቆቹ 121 ላይ ሁለት፣ 201 ላይ ሦስት በግ እንደሚወጣ በጠጠር ክምር ያሳያሉ። ይህን እያየን ሳለ መቋሚያቸውን የተደገፉ አንድ አዛውንት ከበስተኋላችን «ዓመት ሳይሞላው ነው እንዴ ዘካ የምትቀበለው?» ብለው ልጁን ገሠጹት። ልጁም ደንግጦ በጉን መለሰ። ሁላችንም ሳቅን፤ እርሳቸውም አብረው።

እኚህ አዛውንት የመንደሩ ሸኽ ናቸው። በዚህ ጨዋታ ጉዳይ መጀመሪያ ላይ ከወላጆች ብዙ ቅሬታ ደርሷቸው ነበር። አንዳንዱ ገበጣ ቁማር ነው አለ፤ አንዳንዱም ልጄን ለቂርኣት ላክሁ እንጂ ለጭቃ አልላክሁም አለ። ይህ ቅሬታ በከተማም ያለ ስለሆነ የሸኹን መልስ መጻፍ ይገባናል። «ልጄ፣ በዕድል የሚጣለውና በሒሳብና በማሰብ የሚሄደው አንድ አይደለም» አሉን። «እኔ ሦስት ነገር ብቻ ከለከልኳቸው። በገንዘብ እንዳይወራረዱ፣ አዛን ሲሰማ እንዳይዘገዩ፣ የተሸነፈውን እንዳይሰድቡ። ከዚህ በኋላ ምን ልበላቸው?» ፉቀሃዎች ስለ ገበጣ መሰል ጨዋታዎች ሲጽፉ በዕድል ላይ የተመሠረተውን ከሒሳብ ላይ ከተመሠረተው መለየታቸውን የቀራ ሰው ያውቀዋል። ኢማም አል-ገዛሊም (ረሒመሁላህ) «ኢሕያእ ዑሉሚ-ድ-ዲን» በተባለው ኪታባቸው፣ ልጅ ከቂርኣት ሲመለስ መልካም ጨዋታ እንዲጫወት ይፈቀድለት፤ ጨዋታ ተከልክሎ ሁልጊዜ በትምህርት የተያዘ ልጅ ልቡ ይሞታል፤ ብልህነቱም ይጠፋል የሚል ሐሳብ አስፍረዋል። ይህ የተጻፈው ከ900 ዓመት በፊት ነው። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) አቡ ዑመይር የተባለውን ሕፃን ስለሚጫወትባት ትንሽ ወፍ ይጠይቁት እንደነበርም በሶሒሕ ሐዲስ ተዘግቧል።

ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የነካው የፊደሉ ጨዋታ ነው። ለትናንሾቹ የባቄላ ገለባ ታድሏቸዋል፤ ጎበጥ ያለ፣ እንደ ታንኳ ያለ። ገለባው መሬት ላይ ይጋደማል። አንድ ጠጠር ከሥሩ ሲቀመጥ «ባእ» ነው። ጠጠሩ ተነሥቶ ሁለት ከላይ ሲደረግ «ታእ» ይሆናል፤ ሦስት ሲሆን «ሳእ»። እኛ ልጅ ሳለን እነዚህን ሦስት ፊደላት ስናደባልቅ ስንት አለንጋ ቀምሰናል! እዚህ የአምስት ዓመት ልጅ ጠጠሯን እያዘዋወረች ፊደሉ በእጇ ውስጥ ሲለወጥ ታየዋለች። ከዚያው ገለባ አጠገብ ሌላዋ በበቆሎ ፍሬ «በ»፣ «ቡ»፣ «ቢ» ትሠራለች፤ አንዲት ፍሬ ጎን ላይ ስትጨመር ድምፁ ይለወጣል። ዐረብኛውና አማርኛው በአንድ መሬት ላይ ጎን ለጎን ነበሩ።

ደረሳዎቹ ቀለም ሲሠሩም አየን። ይህ ለኛ አዲስ አይደለም፤ የምጣድ ጥላሸት፣ የግራር ሙጫና ውኃ ነው። አዲስ የሆነብን ኡስታዙ መጀመሪያ ሙጫ እንዳይጨምሩ ማድረጉ ነው። ጥላሸቱን በውኃ ብቻ በጥብጠው ጻፉ፤ ሲደርቅ በጣት ቢነኩት ተነሣ። በብርጭቆ የቀረውም ጥቂት ቆይቶ ከሥሩ ዘቀጠ። በሙጫ የተበጠበጠው ግን ሉሑ ላይ ያዘ። «ጥላሸት ውኃ ውስጥ አይሟሟም፤ ሙጫው ነው የሚይዘው» ብሎ ራሱ አንድ ደረሳ ተናገረ። እኛ ይህን ቀለም በጥብጠን ስንት ጁዝእ ስንጽፍበት ሙጫው ለምን እንደሚጨመር አንድም ቀን ጠይቀን አናውቅም። ሉሑን አጥበን እንደገና እንጽፋለን እንጂ።

የዕፅዋቱን ትምህርት በአጭሩ እንለፈው። ልጆቹ ያመጡትን ፍሬና ዘር እንደ አመጣጡ ይለያሉ፤ ነፋስ የሚወስደው፣ ወፍ የሚበትነው፣ በልብስ ተጣብቆ የሚሄደው። ለመጨረሻው የኛ ሱሪ አገለገለ፤ ጨጎጊት ወርሶት ነበር። የስዊሱ መሐንዲስ ጆርጅ ደ ሜስትራል በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ከውሻው ጸጉር ላይ እንዲህ ያለ ተጣባቂ ፍሬ ለቅሞ በአጉሊ መነጽር ካየ በኋላ ነው ጫማና ቦርሳ ላይ «ጭርር» እያለ የሚላቀቀውን ቬልክሮ የፈለሰፈው። ይህን ስንነግራቸው አንዱ ልጅ ቦርሳችንን ወስዶ ሃያ ጊዜ ያህል ከፈተው፤ ዘጋው። ጉሎና አስተናግር ግን በመካከላቸው አልነበሩም። ሁለቱም መርዝ ስለሆኑ ልጆቹ መልካቸውን ተምረው እንዳይነኳቸው ተደርጓል። በቤታችሁ ይህን የምትሞክሩ ወላጆች ይህን አትርሱ፤ ለሕፃናትም አፍንጫና ጆሮ የሚገባ ትንሽ ፍሬ አትስጡ።

እነሆ የሐይቁ ነገር። «ወንዝ ይገባል፤ ወንዝ አይወጣም፤ ታዲያ ለምን አይሞላም?» ብለው የጠየቁት የአራተኛ ክፍል ልጆች ናቸው። ኡስታዙ መልሱን አልሰጣቸውም። በጭቃ ሁለት ትናንሽ ሐይቆች አሠራቸው። ውኃ ሞሉባቸው፤ ውኃው የደረሰበት ላይ እሾህ ሰኩ፤ አንዱን ፀሐይ ላይ ተዉት፤ ሌላውን በቅጠል ጋረዱት። ዙህር ሰግደን ስንመለስ ፀሐይ ላይ ያለው ከእሾሁ በታች ወርዷል። «ፀሐይ ጠጣችው!» ብለው ጮኹ። ኡስታዙም ደስ ብሎት ስለ ትነት ሊያስረዳ አፉን ሲከፍት አንዲት ቀጠን ያለች ልጅ እጇን አወጣች።

«ኡስታዝ፣ የተጋረደውም እኮ ወርዷል።»

አየነው። እውነትም ጥቂት ወርዷል።

«አፈሩ ጠጥቶት ይሆናላ» አለች።

ኡስታዙ ጥቂት ዝም አለ። ከዚያ «ትክክል ነሽ፤ የሠራነው ሥራ ጎደሎ ነው። የሚመጣው ቅዳሜ በጣሳ እንደግመዋለን፤ ጣሳ አይጠጣምና» አለ። ስለ ትልቁ ሐይቅም ሁለቱም ሊሆን እንደሚችል፣ ፀሐይ ከላይ እንደምትወስድ፣ መሬትም ከሥር ሊያሰርግ እንደሚችል ነገራቸው። ስንት መምህር ነው በተማሪ ፊት ሥራዬ ጎደሎ ነው የሚል? እኛ ያንን ልጅ ያቆምነው ከዚህ ላነሰ ነገር ነበር።

ከዚያ ዳር ጥቁር ድንጋይ አንሥተን አንዱን ልጅ «ይህ ድንጋይ ስንት ዓመቱ ይመስልሃል?» አልነው። «ከሸኽዬ ይበልጣል?» ሲል መለሰ። የወሎ ተራሮች የተነባበሩበት ጥቁር ድንጋይ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ውስጥ ቀልጦ የፈሰሰ መሆኑን ነገርነው። ድንጋዩን ቀስ ብሎ መሬት ላይ መለሰው።

አንድ ነገር እግረ መንገዳችንን እንበል። በከተማ ያለን ቤተሰቦች ለልጆቻችን ባትሪ የሚበላ መጫወቻ እንገዛለን፤ በሳምንቱ ይሰበራል። ወይም ስልክ እንሰጣቸውና ቤቱ ጸጥ ሲል ደስ ይለናል። በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የሚኖር ልጅ ዋርካ ባያገኝም ባቄላ፣ ሽምብራና የእንቁላል መያዣ ካርቶን ያገኛል። የእንቁላሉ ካርቶን ባለ 12 ጉድጓድ ከሆነ ገበጣው ተገኘ ማለት ነው። እኛ ከተመለስን ወዲህ በክፍላችን የምንጫወተው በዚሁ ነው። ከዳይሬክተራችን ጋር ትንሽ ተነጋግረናል፤ ክርክሩ አላለቀም።

እሑድ ጧት ልንመለስ ስንል ኡስታዙን ለመሰናበት ወደ ዋርካው ወረድን። ልጆች አልነበሩም፤ የዕረፍት ቀናቸው ነው። ያቺ እናት ግን ከግቢዋ በር ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ጭኗ ላይ ሰፌድ ይዛለች። ምስር የምትለቅም መስሎን «ሥራውን አላህ ያግዝሽ» ስንላት ቀና አለች። በሰፌዱ ላይ ያለው ጠጠር ነው። ከሐይቁ ዳር ራሷ አምጥታ፣ አንድ በአንድ በጣቷ እያገላበጠች፣ ጥርጣሬ የሰጣትን ወደ ጎን ታደርጋለች። ልጇ አጠገቧ ተንበርክኮ ያለቀውን በእጁ እየተቀበለ ይቆጥራል።

«ስንት ደረሰ?» አልነው።

«41» አለ። «ሰባት ይቀረናል።»